የሞተው ማነው?

ቫቫኡ፣ ቶንጋ፣ ፌብሩዋሪ 4

ይድረስ ለወንድሜ ለኬፑኤሊ፣ ብሪዝበን

ይህችን ጠዋት ያሳየን አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆችህ እንዴት ከርማችኋል? አባትህስ ጤናው እንዴት ነው? ለእማዬ ከወንድሞቿ የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ በጸሎቷ መጀመሪያ የምትጠራው እሱን ነው። እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ደህና ነን።

ለጥየቃ መጥተህ ከተያየን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናልና ማን እንደሚጽፍልህ ግራ እንዳይገባህ። የአባትህ እህት የሲኡቲቲ ልጅ ቶአካሴ ነኝ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ። ደወሉን የምደውለው፣ የፈተና ወረቀቱን የምተይበው፣ የርዕሰ መምህሩ መነጽር ሲጠፋም ፈልጌ የማገኘው እኔ ነኝ።

ነገሬ እንዲህ ነው። ከኖቬምበር ወዲህ ተማሪዎቹ ሲወጡ እዚሁ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ እያልኩ ፕሮግራም መጻፍ እየተማርኩ ነው። ትምህርቱ በነጻ የሚሰጥ ነው። አንተ በትልቅ ቢሮ ውስጥ በዚሁ ሙያ እንደምትሠራ አባትህ በየገናው ይነግረናል፤ ለዚህ ነው ልቤ ወደ አንተ የሮጠው።

መሥራት የምፈልገው አንዲት አፕ ነው። ሰው ሲሞት ማን ከአስከሬኑ ራስጌ እንደሚቀመጥ፣ ማን ኩሽና ገብቶ ጎደሬ እንደሚልጥ፣ ማን ደህናውን ሰሌን ማን የተቦጫጨቀውን ወገቡ ላይ እንደሚታጠቅ የምትናገር። እስከ ዛሬ ይህን የሚናገሩት የእማዬ አፍና የእማዬ ጭንቅላት ናቸው። ሞት በሆነ ቁጥር ሰዎች በራችን ላይ ይመጣሉ፣ እሷም ከአልጋዋ ሳትነሳ ሁሉንም በየቦታው ትሰድራቸዋለች፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። አሁን ግን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። አንዳንዴ መሀል ላይ ዝም ትልና ‹‹ማን ነበር ያልሽኝ?›› ትለኛለች። እሷ ስታልፍ ማንን እንጠይቃለን? እኔ ግማሹንም አላውቀውም።

ከአንተ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የጻፍኩትን እያየህ ስህተቴን ንገረኝ። ስጨርስ ደግሞ አንተ አካውንት ስላለህ አፕ መደብሩ ላይ አውጣልኝ፤ ለእሱ የሚጠየቀው የባንክ ካርድና አድራሻ እኔ ዘንድ የለም። ስሟ ‹‹ሲኡቲቲ›› ይሁን። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የመጀመሪያ ሥራዬን አያይዤ ልኬልሃለሁ። አምላክ ቤትህን ይጠብቅ።

እህትህ ቶአካሴ

---

ብሪዝበን፣ ፌብሩዋሪ 27

ለቶአካሴ፣

ሰላም ነሽ? ሁላችንም ደህና ነን። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት።

የላክሽውን አየሁት። የዓለም ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያ ቀን የሚጽፈው አንድ ፕሮግራም ነው፤ ስክሪኑ ላይ ‹‹ሰላም ዓለም›› የሚል። አንድ መስመር፣ ሁለት ቃል። የስድስት ዓመት ልጄ በአራት ደቂቃ ጨርሷታል። ያንቺ ዘጠኝ መስመር ነው። መጀመሪያ ለእግዚአብሔር፣ ቀጥሎ ለንጉሡ፣ ከዚያ ለመኳንንቱ፣ ለፓስተሩ፣ ለመንደሩ ሹም፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ ‹‹በዚህ ክፍል ለተገኛችሁ እናቶች›› ይልና ዓለም ስምንተኛ ላይ ይመጣል። ዘጠነኛው መስመር ይቅርታ መጠየቂያ ነው፤ ምናልባት የረሳሽው ሰው ካለ ብለሽ። ምሳ ሰዓት ላይ ለቢሮ ልጆች አሳየኋቸው። አንዱ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

ሦስተኛው መስመር ላይ ቅንፍ አልዘጋሽም። ስድስተኛውም ላይ አልዘጋሽም። እንዴት እንደሠራልሽ እኔ አላውቅም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅር አይበልሽ። ይህ ሰሌን እንደመሥራት አይደለም፤ እያዩ የሚለምዱት ነገር አይደለም። ሰው አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ነው የሚማረው። በአርባ ሰባት ዓመትሽ አፕ እሠራለሁ ማለት ምን ቆርጦሽ ነው? መጀመሪያ ሁለት ቁጥር የሚደምር ነገር ሥሪ። እሱ ከሆነልሽ እናወራለን።

ለአክስቴ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ኬፑኤሊ

---

ቫቫኡ፣ ማርች 3

ለወንድሜ ለኬፑኤሊ፣

ዝናቡን በልኩ ለሰጠን፣ ጎደሬውንም ላበቀለልን አምላክ ምስጋና ይሁን። ሥራ በዝቶብህ ሳለ ጊዜ ወስደህ ስለጻፍክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። የቢሮ ጓደኞችህን በማሳቄም ደስ ብሎኛል። ምሳቸውን በደስታ ከበሉ እኔም አንድ ነገር ሠራሁ ማለት ነው።

ሰላምታውን በተመለከተ፣ አንተ ከዚህ ስትወጣ ዘጠኝ ዓመትህ ስለነበረ አልፈርድብህም። የሚፈረድበት አባትህ ነው። እዚህ አገር ሰው ተነስቶ ንጉሡንና መኳንንቱን አልፎ ‹‹ሰላም ዓለም›› አይልም። ልጅ ቢለው በጆሮው ተጎትቶ ይወጣል። የኔ ኮምፒውተር የተቀመጠው ደግሞ ከንጉሡ ፎቶ ሥር ነው። ያም ሆኖ ቅንፎቹን ዘግቻለሁ።

ደማሪዋንም በአንድ ከሰዓት ጨረስኳት። አትፍራ፣ አልክልህም።

ከዚያ ወደ ስሞቹ ገባሁ። ስማችን መጀመሪያ ላይ የምናደርጋት ትንሽ ጭረት አለች አይደል? ማሽኑ እሷን ሲያይ ስሙ ያለቀ እየመሰለው የተረፈውን አላውቅም ይለኛል። ሦስት ቀን ሙሉ አንጀቴን አሳረረው። አራተኛው ቀን ላይ መፍትሔውን አገኘሁት፤ ማንም አልነገረኝም። ሌላው ደግሞ ማሽኑ ሲቆጥር ከዜሮ መጀመሩ ነው። ለእማዬ ነገርኳትና ‹‹ፊት የሚቀመጠውን ሰው ነው ዜሮ የሚሉት? ማነው እንዲህ አድርጎ የሚሳደበው?›› አለች። አንተ እንደሆንክ ነገርኳት።

አሁን የምጠይቅህ ይህን ነው። ማን ከማን እንደሚበልጥ ለማሽኑ እንዴት ነው የምነግረው? ተቸግሬያለሁ።

ቶአካሴ

---

ብሪዝበን፣ ኤፕሪል 9

ቶአካሴ፣

ሰላም ለሁላችሁ።

የጠየቅሽኝ ነገር አምስት ሳምንት የሚጠበቅ ጥያቄ እንኳ አልነበረም፤ ረስቼው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ እስከ መቶ አንድ ቁጥር ስጪ። መቶ የሆነ ፊት፣ አንድ የሆነ ኩሽና። ከዚያ በቁጥር ቅደም ተከተል ደርድሪያቸው። ሦስት መስመር ነው። አለቀ።

እባክሽ ነገር አታወሳስቢ። ጀማሪዎች የምትወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ቀላሉን ነገር ምሥጢር ታደርጉታላችሁ።

ኬ.

---

ቫቫኡ፣ ሜይ 18

ለወንድሜ ለኬፑኤሊ፣

ይህን ያህል ያቆየን አምላክ ከእናንተም ጋር ይሁን። የአባትህ ሳል ተሻለው?

እንዳልከኝ ለሁሉም ቁጥር ልሰጥ ተነሳሁ። ከራሴ ጀመርኩና እማዬ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ‹‹እኔ ከመቶ ስንት ነኝ?›› አልኳት።

‹‹በማን ሞት?›› አለችኝ።

‹‹እንዲያው ዝም ብሎ።››

‹‹እንዲያው ዝም ብሎ የሚሞት ሰው አለ?››

አፍሬ ተነሳሁ። አየህ ኬፑኤሊ፣ አባትህ ክፉ አይንካውና እሱ የሞተ ዕለት እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ፤ ራስጌው የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ አንተና ወንድሞችህ ታገለግሉኛላችሁ። የአባቴ እህት በሞተች ዕለት ግን እኔው ራሴ ፀጉሬን ተቆርጬ፣ አሮጌ ሰሌን እስከ ደረቴ ታጥቄ ኩሽና ነኝ፤ ቀና ብዬ ሰው አላይም። ያው አንድ ሰው ነኝ። ታዲያ የትኛውን ቁጥር ስሜ ጎን ልጻፍ? ሰው የራሱ የሆነ ቁጥር የለውም፤ ሟቹ ነው የሚሰጠው።

ስለዚህ ያንተን ሦስት መስመር አጠፋኋት። የኔዋ ስትከፈት መጀመሪያ ‹‹የሞተው ማነው?›› ብላ ትጠይቃለች። ስሙ ሲጻፍላት፣ ካስገባንላት ዘመዶች መሀል ከሟቹ ተነስታ በእናት በአባት እየወጣች እየወረደች፣ በእህት በኩል የሚመጣውን ከፍ፣ በወንድም በኩል የሚመጣውን ዝቅ እያደረገች ሁሉንም ታስቀምጣለች። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። አራት መቶ አሥራ ሁለት መስመር ነው። ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ።

በድሮ ቀብሮች ፈተንኳት። እማዬ የሠላሳ አንድ ቀብር አቀማመጥ በቃሏ ታስታውሳለች፤ ሠላሳው ገጠመ። ያልገጠመው የአሮጌው ፓስተር ቀብር ነው። እንግዲህ ተሳሳትኩ ብዬ ሳዝን እማዬ ‹‹የለም፣ ማሽኑ ልክ ነው። ያን ቀን የተሳሳቱት እነሱ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ስናገር ማን ሰማኝ›› አለች። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ‹‹ያቺ ልጅ›› እያለች ነው የምትጠራት።

ይኸው ልኬልሃለሁ። ስሟን እንዳትረሳ፣ ‹‹ሲኡቲቲ›› ነው። እማዬ በሕይወቷ ስሟን ተጽፎ ያየችው የምርጫ ካርድ ላይ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ሲያወርደው እንድታየው እፈልጋለሁ፣ ደግሞም ቶሎ። እባክህ ምንም አትቀይርባት።

እህትህ ቶአካሴ

---

ብሪዝበን፣ ጁን 14

ቶአካሴ፣

ወጥቷል። እንኳን ደስ ያለሽ።

ትንሽ አጸዳሁት። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ መስመር ዘጠና ሆኗል፤ ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ያን መግቢያሽን አውጥቼዋለሁ። ሰው አፕ ሲከፍት ‹‹የሞተው ማነው?›› ብሎ የሚቀበለው ነገር የት አገር ነው ያለው? ደንበኛ ይሸሻል። ሰው ሲጠየቅ አይወድም፤ መልስ ነው የሚፈልገው። ቁጥሩን መልሼዋለሁ። ያንቺ ‹‹በማን ሞት›› የሚባለው ነገር አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ ለእሱ ሲባል አፕ ሙሉ አይበላሽም።

ስሙ ‹‹የቶንጋ ቀብር አደራጅ›› ነው። ‹‹ሲኡቲቲ›› ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። ሠሪ በሚለው ቦታ ላይ የኔ ስም የገባው አካውንቱ የኔ ስለሆነ ነው፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው።

እዚህ ሎጋን ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ እሑድ ዕለት አስነስቶ አጨበጨበልኝ። ፓስተሩ ፊት ጠርቶ ጸለየልኝ፣ ወጣቶቻችን ከሱ ይማሩ አለ። አባቴ አለቀሰ። ለአክስቴም ይህን ንገሪልኝ፤ ደስ ይላቸዋል።

ኬ.

---

ቫቫኡ፣ ጁን 15

ኬፑኤሊ፣

አምላክ ይባርክህ። ቁጥሩን መልሰኸዋል። ሰው ሳይሞት ከመደብሩ አውርደው።

ስለ ስሙ ሌላ ቀን እናወራለን። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው፤ አውርደው።

ቶአካሴ

---

ቫቫኡ፣ ጁላይ 1

ኬፑኤሊ፣

ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ በመሀል የላክሁት ደርሶህ እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ አየሁት፤ ስድስት መቶ ሰው አውርዶታል። ለራስህም ቁጥር ሰጥተሃል፤ ዘጠና አምስት። በማን ሞት ነው ዘጠና አምስት የሆንከው? እማዬ ‹‹ያቺ ልጅ ወጣች ወይ?›› እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ‹‹ወጥታለች›› እላታለሁ፤ መዋሸቴም ነው፣ አለመዋሸቴም ነው። እባክህ።

ቶአካሴ

---

ብሪዝበን፣ ጁላይ 22

ለእህቴ ለቶአካሴ፣

ሰላምና ጤና ይብዛልሽ። ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ ያልመለስኩት በሥራ ምክንያት ነው።

ከኔ ብትሰሚው ስለሚሻል ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት የጉባኤያችን ዲያቆን ፔኒሲማኒ አረፉ። ቀብሩን ያስተባበሩት ወጣቶች ሁሉን ነገር በአፑ አደረጉት፤ ስም ያስገባሉ፣ ስልካቸውን ወደ ሰው እያዞሩ ቦታ ያሳያሉ። የሟቹን ታናሽ ወንድም ልጆች ራስጌ፣ ጥሩው ሰሌን ላይ አስቀመጧቸው። የሟቹን እህት ልጅ፣ ሎሳሊኔን፣ የሰባ ዓመት እናት ናቸው፣ ኩሽና ላኳቸው። እሳቸውም መጎናጸፊያቸውን አጠፉ፣ ቢላ አነሱና ጎደሬ መላጥ ጀመሩ። ሁለት ሰዓት ያህል ላጡ። ፓስተሩ ገብቶ ‹‹የእህት ልጅ የት አሉ?›› ሲል ነው ሁሉም የነቃው። የወንድም ልጆቹ ከሰሌኑ ላይ እየዘለሉ ተነሱ። ሎሳሊኔ ግን አልመጣም አሉ። ‹‹ማሽኑ እዚህ ብሎኛል›› አሉ። ቀብሩ ያለ እሳቸው ተፈጸመ።

አሁን እዚህ በሰላም መንገድ የሚያሳልፈኝ ሰው የለም። ስለዚህ ለጉባኤው እውነቱን ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ የጻፈችው ደሴት ላይ ያለች ዘመዴ ናት፣ ጀማሪ ናት፣ እኔ በበጎ ፈቃድ አወጣሁላት አልኳቸው። ይህ ውሸት ነው? አይደለም። ስሙንም አንቺ እንደፈለግሽው ቀይሬዋለሁ። አሁን ‹‹ሲኡቲቲ›› ነው የሚባለው። የለመንሽው ይኸው ነበር፣ አግኝተሽዋል።

ሁለት ነገር ላስቸግርሽ። የድሮውን ኮድሽን መልሰሽ ላኪልኝ፤ እኔ ዘንድ ያለው ጠፍቷል። ደግሞም ለፓስተሩ አጭር ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ ሥራው ያንቺ እንደሆነና ስህተቱም ያንቺ እንደሆነ። አንቺ እዚያ ሩቅ ስለሆንሽ ምንም አትሆኚም። እኔ ግን እዚህ መኖር አለብኝ፤ ልጆቼም እዚህ ነው የሚያድጉት።

ወንድምሽ ኬፑኤሊ

---

ቫቫኡ፣ ጁላይ 23

ኬፑኤሊ፣

አምላክ የፈጠረህ ስለሆንክ ሰላም ብዬሃለሁ።

ገጹን ከፍቼ አነበብኩት። ከሥሩ ሰዎች የጻፉትን ሁሉ አንድ በአንድ አነበብኩት። ‹‹ሲኡቲቲ ዋሾ ናት።›› ‹‹ሲኡቲቲ ቤተሰባችንን አዋረደች።›› ‹‹ሲኡቲቲን ከስልካችሁ አጥፏት።›› አንድ ኮከብ፣ አንድ ኮከብ፣ አንድ ኮከብ። የአራተኛ ክፍል መምህሯ ከኋላዬ ቆማ ታነብ ነበር። ‹‹ይህቺ እናትሽ ናት?›› አለችኝ።

ሲጨበጨብ ያንተ ነበር። ሲተፋበት የእናቴ ሆነ። ሰማንያ አራት ዓመት አንድ ሰው ከቦታው አዛንፋ አስቀምጣ የማታውቅ ሴት ናት፤ አንተ በዘጠና መስመር ዋሾ አደረግሃት። ሰው እንዴት እንዲህ ይወርዳል? እኔ አንተን የተማረ ብዬ ነው የጻፍኩልህ። ስድቡን ችዬ፣ ሳቁን ችዬ፣ ያልዘጋሁትን ቅንፍ እየዘጋሁ የቆየሁት ታውቃለህ ብዬ ነው። አሁን ሳየው አንተ የምታውቀው መስመር ማሳጠር ብቻ ነው። የሚያጥረው ምን እንደሆነ ማየት አልተማርክም፤ አራት ዓመት የተቀመጥክበት ቦታም አላሳየህም። ሎሳሊኔ ሁለት ሰዓት የላጡት ጎደሬ ባንተ ላይ ይቆጠር።

ለፓስተርህ አልጽፍም። ሞኝህን ፈልግ። ኮዴንም አልክልህም።

ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እየለመንኩህ ነው የኖርኩት። አሁን አልለምንህም። እኔ የአባትህ እህት ልጅ ነኝ። በአባትህ ቤት ካለው ነገር የወደድኩትን አንስቼ ብሄድ ‹‹ወዴት?›› የሚለኝ የለም፤ ልማዱ ይህ ነው፣ ዕድሜህን በሙሉ ረስተኸው ከሆነ አባትህን ጠይቀው። እናቴም እኔም ከቤታችሁ አንዲት የአሳማ ግልገል ወስደን አናውቅም። ዛሬ እወስዳለሁ። የአካውንቱን የይለፍ ቃል ላክልኝ። አካውንቱ የኔ ነው።

ይህን ደብዳቤ አባትህ ፊት ጮክ ብለህ አንብበው።

ቶአካሴ፣ የሲኡቲቲ ልጅ

---

ብሪዝበን፣ ጁላይ 29

ቶአካሴ፣

አነበብኩለት። በሦስተኛው ቀን ‹‹ስጣት›› አለ፣ ሌላ ነገር አልጨመረም።

የይለፍ ቃሉ ከዚህ በታች አለ። እንዴት እንደሚሠራ አታውቂውም፤ አንዴ ካበላሸሽው እኔ መጥቼ የማስተካክለው ነገር አይደለም። እኔ ነግሬሻለሁ።

ኬ.

---

ቫቫኡ፣ ሴፕቴምበር 2

ለኬፑኤሊ፣

ይህችንም ቀን ላሳየን ምስጋና ይግባው። አባትህን ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› በልልኝ። ያችን አንዲት ቃሉን እማዬ ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች።

አላበላሸሁትም። የመጀመሪያ ቀን ያንተን ዘጠና መስመር ከመደብሩ አወረድኩ። ሦስት ሳምንት ያህል የአካውንቱን ነገር ተማርኩ፤ የኔዋን መደብሩ አራት ጊዜ መልሶብኛል፣ በአምስተኛው አለፈች። ለሎሳሊኔ በስልክ ደውዬ በእናቴ ስም ይቅርታ ጠየቅኩ። ‹‹እስቲ ያንቺን ሥራ አሳዪኝ›› አሉ። ላክሁላቸው። የዲያቆኑን ስም አስገብተው ራሳቸውን ራስጌ አገኙት። ከዚያ ወዲህ የሎጋን ሴቶች በእሳቸው ምክር እየመጡ ያወርዱታል፤ ፓስተርህም ደብዳቤ ጽፎልኛል። ምን እንዳለ አንተ አያሻህም።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም።

እማዬ ከመንደራችን ፓስተር ሚስት ሰምታ ኖሯል። ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስገባ ‹‹በስሜ የሚዋሽ ነገር አለ አሉ። አምጪው›› አለችኝ። ስልኬን አወጣሁላት። ተስተካክሏል ብላት አላመነችኝም። ስክሪኑ ‹‹የሞተው ማነው?›› ሲላት ጮክ ብላ አነበበችና ‹‹ጻፊ›› አለችኝ። ‹‹ማንን?›› አልኳት። ‹‹ሲኡቲቲን።››

አልጽፍም አልኩ። ‹‹ካልሞከርሽው ልክ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ያን ጊዜ እኔን አትጠይቂኝ›› አለች። ጻፍኩት። ሁለት ፊደል ስቼ አረምኩ።

መቶ ሠላሳ ሰባት ስም መጣ። ሁለት ከሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አነበብኩላት፤ እያንዳንዱ ስም ላይ ዓይኗን ጨፍና ታስብና ‹‹ቀጥይ›› ትለኛለች። የአባቷ እህት የልጅ ልጅ፣ ያቺ ኔያፉ ገበያ ላይ ሐብሐብ የምትሸጠው፣ ራስጌ ሆና መጣች። እማዬ ሳቀች። ‹‹እሷ ገና አታውቅም፤ ስትሰማ አዲስ ቀሚስ ታሰፋለች›› አለች። እኔ ከልጆቿ ጋር ነኝ። አንድም አላረመችኝም። ስጨርስ ግን፣

‹‹የወንድሜ ልጅ የት አለ?›› አለችኝ።

‹‹የትኛው?››

‹‹የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ።››

‹‹ከዝርዝሩ ወጥቷል።››

‹‹ማን አወጣው?››

‹‹እኔ ነኝ።››

ቀና ብላ አየችኝ። ‹‹የሞትኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?›› አለች።

ስምህን እየተናደድኩ አስገባሁት። ማሽኗ አልተናደደችም፤ በወንድም በኩል ወጣች፣ ወረደች፣ አስቀመጠችህ። ኩሽና። ፀጉር የተቆረጠ፣ ትልቁና አሮጌው ሰሌን፣ ራስ ጎንበስ ያለ። እማዬ ቦታህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ‹‹አሁን ልክ ሆነ። ቅድም ጎድሎ ነበር›› አለችና ተኛች።

ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ እየተወች ነው። ሐኪሙ መጥቶ ነበር፤ የተናገረው ብዙ ነገር የለም። ስልክህን አትዝጋ።

ይቅር አላልኩህም። እማዬ ስላለችኝ ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ስምህን በፈለግኩ ሰዓት መሰረዝ እችላለሁ፣ የይለፍ ቃሉ እኔ ዘንድ ነው። ዛሬ ጠዋት ከፍቼ አየሁት፤ አልሰረዝኩትም።

ቶአካሴ